አባየ ኮሶ የጠጡ ሰሞን

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነውን ልጥራ። አባቴ ነበረ፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ። እናቴ ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ትንሹን ወንድሜን ታቅፋ። የአያቴ የልብ ጓደኛ አያ ሰይድ ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሙስበሃቸውን መቁጠሪያ ፍሬ በጣታቸው እያንከባለሉ። ጎረቤታችን እትየ ሙሉ ነበሩ፤ በሰፌድ ንፍሮ እያዞሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። ከሩቅም ከቅርብም የመጣ ልቅሶ ደራሽ ነበረ፤ የሁሉንም ስም አላስታውስም። ሐያት ነበረች፤ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ፣ ማንም ተቀመጭ ሳይላት። እኔም ነበርሁ። ዐሥር ዓመቴ ነው። አያቴ፣ አባየ ይመር፣ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

የሰዎቹን ስም የጠራሁት በዚያ ድንኳን ውስጥ አንዲት ቃል ስለተናገርሁ ነው። ያችን ቃል ሁሉም ሰምተዋታል። እውነት አልነበረችም። ይህን ለመናገር ይህን ያህል ዓመት መቆየት አልነበረብኝም።

ባለፈው ሳምንት ትንሿን ልጄን ትኩሳት ያዛትና መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ከመዳፍ የማትበልጥ ኩባያ ሰጡኝና «ሽንቷን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ልጄን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ ኩባያዋን ያዝሁላት። ቆይቶ ቆይቶ ሲመጣላት ሙቀቱ በእጄ ተሰማኝ፤ ሽታውም ሽቅብ መጣ። የታመመ ሰው ሽንት ነው፤ ከበድ ይላል። አባየ የተኙበት ጎጆ እንዲህ ይሸት ነበር። ያኔ የኮሶ ሽታ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ደህና ናት፤ መድኃኒት ሰጧት፣ ድናለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። ድሮም ልጆቼ ጠዋት ሲነሡ ደህና አደራችሁ ከማለቴ በፊት «ሸናችሁ?» ነው የምላቸው። ባለቤቴ «አንች ሴትዮ የሽንት ዘበኛ ሆነሽ ቀረሽ!» ይለኛል፤ ይስቃል። ለምን እንደሆነ ነግሬው አላውቅም።

ወሩ ኅዳር ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ደጋ ላይ ነበር። ከላላ ወረዳ ያለችው አክስቴ ባሏ እግሩ ተሰብሮ አዝመራዋ ማሳ ላይ ቀረባትና አባቴና እናቴ ሊያግዟት ሄዱ። እኔ አራተኛ ክፍል ስለነበርሁ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ከአባየ ጋር ቀረሁ። እትየ ሙሉ ከአጥሩ ማዶ ስለሆኑ እንጀራ እሳቸው ይልኩልን ነበር፤ ወጡን እሠራ የነበርሁት እኔ ነኝ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ወጡም ያው ሽሮ ነው። አባየ አንድም ቀን ጨው በዛ ብለውኝ አያውቁም። በዝቶ ነበር፤ እኔው ራሴ ስቀምሰው አውቀዋለሁ።

አባየ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ትከሻቸው እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ የምትችል አንዲት ሰው ብትኖር ሐያት ነበረች።

ሐያት የአጅባር ልጅ ናት። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና፣ እኛ ቀበሌ ከተመደበች ዓመት አልሞላትም ነበር። ሥራዋ ብዙ ቢሆንም ሰው የሚያውቃት በአንዱ ነው፤ በየቤቱ እየዞረች ሽንት ቤት ቆፍሩ ትላለች። ልጆች ከኋላዋ እየተከተልን «ጉድጓድ መጣች! ጉድጓድ መጣች!» እንል ነበር። ዞር ብላ ምላሷን ታወጣብንና መንገዷን ትቀጥላለች።

መጀመሪያ እኛ ቤት የመጣች ዕለት አባየ በር ላይ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ነበር።

«አባባ፣ ሽንት ቤት የለዎትም» አለቻቸው።

«ሜዳ አለኝ።»

«ሜዳ ሽንት ቤት አይሆንም እኮ።»

«ልጄ፣ እኔ ሰባ ዓመት ስኖር ሜዳ ጠቦኝ አያውቅም።»

«እርስዎን አልጠበበዎትም፤ ዝንቡን ግን ተመችቶታል። ከሜዳው ተነሥቶ እንጀራዎ ላይ ነው የሚያርፍ።»

አባየ ገመዳቸውን ትተው ትክ ብለው አዩዋት። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ትምህርት ተምረሽ የመጣሽው የኔን ዝንብ ልትቆጥሪ ነው?» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷም ሳቀች።

በመጨረሻ ቆፈሩ። አባየ አንድ ነገር ከያዙ አጥብቀው ነውና የቆፈሩት ጉድጓድ ከሰፈሩ ሁሉ ጥልቅ ሆነ። ከላይ ጥሩ ሣር አለበሱት፤ ሳንቃ በር ገጠሙለት፤ ቁልፍም አደረጉበት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይገባበት ከለከሉ። «ይህን የመሰለ ቤት ማን ያበላሸዋል? ለእንግዳ ነው» አሉ። እኛ እንደ ድሮው ሜዳ እንወጣለን። ሐያት በመጣች ቁጥር «አባባ፣ ያ እንግዳ አሁንም አልመጣም?» ትላቸዋለች። «አንች አለሽ አይደል? ግቢ!» ይሏታል። ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች።

ይህን የማወራው ሁለቱ እንዴት ይዋደዱ እንደነበር እንዲታወቅ ነው። ኋላ ሰዎች ሐያት አባየን ንቃ ነው የተወቻቸው አሉና።

ኅዳር ሲገባ ሐያት ትምህርት ቤታችን መጥታ አስተማረችን። ሰሌዳው ላይ ሰው ሣለች፤ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ። ወገቡ ላይ ሁለት ባቄላ የመሰሉ ነገሮች ጨመረችለት። «የሰው ገላ እንደ ቤት ነው» አለችን። «በየቀኑ ካልተጠረገ አይኖርበትም። የበላነው ጥቅሙ ተወስዶ የቀረው በሰገራ ይወጣል። ሳንባ የማይፈልገውን አየር ተንፍሶ ያወጣል። ቆዳ በላብ ያወጣል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ኩላሊት ይባላሉ። ሌት ተቀን ደም ያጥባሉ። እጣቢው ሽንት ነው።»

አንዱ የክፍላችን ልጅ እጁን አወጣ። «ሌት ተቀን ከታጠበ ለምን ነጭ አይሆንም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት አልሳቀችበትም። «ጎበዝ። ማጠብ ማለት ቀለም ማስለቀቅ አይደለም። የእናትህ ቀይ ቀሚስ ሲታጠብ ቆሻሻው ይሄዳል እንጂ ቀዩ ይሄዳል?» አለችው።

ቀሚስ ስትል እኔ ነገሩ ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ከቤታችን በታች ጅረት አለ፤ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለው። እያንዳንዱ ሰው ወገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ጅረት እንዳለ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ደም እንደሚያጥቡ፣ እጣቢው ቁልቁል እንደሚወርድ አሰብሁ። ለሁለቱ ሴቶች መልክም ስምም ሰጠኋቸው። ወደ ቤት ስሄድ እንዳላንገላታቸው ቀስ ብዬ ነበር የምራመድ።

አባየ ሜዳ ወጥተው ሳይመለሱ የሚቆዩት ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው። እራት አቅርቤ እጠብቃለሁ፤ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ሲመለሱ «እርጅና ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። እርጅና ሲባል እግር የሚያዘገይ ነገር ይመስለኝ ስለነበር በትራቸውን ወስጄ ጫፉን ጠረብሁላቸው።

አንድ ቀን ሆዳቸው እንደተነፋ፣ ከእምብርታቸው በታች እንደ ድንጋይ እንደከበዳቸው ነገሩኝ። «ኮሶ ነው መድኃኒቱ። ኮሶ የማይከፍተው የለም» አሉ። ከጣራው ላይ የተንጠለጠለውን የደረቀ የኮሶ አበባ አውርጄ ፈጨሁላቸው። በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ጠጡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ ትንፋሽ።

በእኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት እንግዳ አይገባም። የሰው ዓይን ካረፈበት ኮሶው አይሽርለትም ይባላል። ስለዚህ በር ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ሰው ሲመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይላል፤ የመጣውም «ይሻርላቸው» ብሎ ይመለሳል። ማንም አይከራከርም፤ ማንም አይቀየምም። የዚያን ዕለት ቅዳሜ ስለነበር በር ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።

እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ብነግራችሁ! በቤታችን እኔ የምታዘዝ እንጂ የማዝ አልነበርሁም። ያን ቀን ግን ሽበት ያለው ሰው ሁሉ ከእኔ ፊት ደርሶ ይቆማል፤ እኔ አንድ ቃል እናገራለሁ፤ ይመለሳል። አያ ሰይድ እንኳ ተመለሱ። አያ ሰይድና አባየ ማሳቸው የሚዋሰን፣ ከልጅነት ጀምሮ ሲሰዳደቡ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው።

«ያ ሽማግሌ የለም?» አሉኝ።

«ኮሶ ጠጥተዋል፣ አያ ሰይድ።»

«ዛሬም ኮሶ? ክኒን መጣ አይደል እንዴ! በይ ይሻርለት፤ እኔ ልጄ ዘንድ ሦስት ቀን ደርሼ እመለሳለሁ በይው። ከዚያ በፊት እንዳይሞት፣ አካፋዬን አልመለሰልኝም።»

ከሰዓት በኋላ ኮሶው ሆዳቸውን አጠበላቸው። ግን ፊታቸው ፈታ አላለም። ከጎጆው ጀርባ አጥሩ ጥግ ሄደው ቁጢጥ ይላሉ፤ ይቆያሉ፤ ይነሣሉ፤ ጥቂት ቆይተው መልሰው ዝቅ ይላሉ። ከሩቅ ሳያቸው የሚሰግዱ መስሎኝ ነበር። ጾም አይደል? ግንባራቸው ላይ ላብ ፈሷል። ሐያት ቆዳ ቆሻሻን በላብ ያወጣል ብላ የለ? ሥራው እየተሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ጠሩኝ። ጎጆው ውስጥ በጎናቸው ተጋድመው ነበር። ያ ከባድ ሽታ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሸተተኝ።

«ብርቄ፣ ዛሬም ኮሶ ጠጥተዋል በይ።»

«ጠጡ እንዴ?»

«አልጠጣሁም። ውሃ ሽንቴ እምቢ ብሎኛል። ይለቀኛል፤ ባለፈው ክረምትም ይዞኝ ለቆኛል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለእትየ ሐያትስ?»

ከተጋደሙበት ቀና አሉ። «ለእሷማ ጭራሽ! ልጄ የምትሆን ሴት ስለ ሽንቴ ልትጠይቀኝ ነው? በእናትሽ ሞት በይ።»

«በእናቴ ሞት» አልሁ።

ወጥቼ በሩ አጠገብ ካለችው ድንጋዬ ላይ ተቀመጥሁና አሰብሁ። ነገ ኅዳር ጽዮን ናት። በጽዮን ልብስ አይታጠብም። በዋዜማውም የሚተዉ አሉ። እንግዲያው በአባየ ወገብ ውስጥ ያሉት ሴቶች በዓል ይዘው ነው፤ ማክሰኞ ይጀምራሉ አልሁ። ይህን በማወቄ ከአባየም ከሐያትም የበለጥሁ መሰለኝ። የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም።

ሐያት እሑድ ረፋድ ላይ መጣች። ከአጥሩ ማዶ እንደ ወትሮዋ «አባባ፣ እንግዳው መጣ?» ብላ ጮኸች። መልስ ስታጣ ወደ እኔ ቀረበች።

«ኮሶ ጠጥተዋል።»

«ትናንት ነው አሉኝ የጠጡት፤ እትየ ሙሉ ነገሩኝ።»

«ዛሬም ጠጥተዋል።»

«ሁለት ቀን አከታትለው? አባባ ምን ነካቸው! ኮሶ ሲበዛ እኮ ይመርዛል።» አጠገቤ ቁጭ አለችና እጄን ያዘችኝ። «ብርቄ፣ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ይጠጣሉ።»

«ሽንት ይሸናሉ?»

ይህን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ሌላ ምንም ቃል ሳትጨምር፣ ልክ እንዲህ ብላ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ «አዎ፣ ይሸናሉ» አልኋት።

«ብዙ?»

«ብዙ።»

እጄን ለቀቀች። ከዚያ «በይ ነገ መጥቼ አያቸዋለሁ» ብላ ሄደች።

የጽዮን ዕለት እንደገና መጣች። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ያን ቀን አልሳቀችም። «ልግባ» አለች። እኔ ተነሥቼ እጆቼን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁባት።

«ኮሶ ላይ ናቸው! ብትገቢ አይሽርላቸውም። ባይሽርላቸው በአንች ነው!»

አሁን ሳስበው፣ ገፋ ብታደርገኝ ምን እሆን ነበር? ጉልበት አልነበረኝም። ግን ሐያት እንግዳ ናት፣ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፤ በክርስቲያን ቤት፣ በበዓል ቀን፣ የሽማግሌ ኮሶ አበላሸች መባልን ፈራች። የእኛን ወግ እንዳትንቅ ተጠንቅቃ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ ብዙ ቆየች፤ ጥፍሯን እየነከሰች ወደ ጎጆው ታያለች። «አባባ! አባባ ይመር!» ብላ ሁለት ጊዜ ተጣራች። ከውስጥ የአባየ ድምፅ መጣ፤ «ደህና ነኝ! ሂጅ!» የሚል። ድምፃቸውን ስትሰማ ትንሽ ቀለል አላት መሰለኝ። ሄደች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ በሩ ላይ ሳለሁ አያ ሰይድ ተመለሱ።

«ዛሬም ኮሶ?»

«አዎ፣ አያ ሰይድ።»

«ስንት ቀኑ?»

«አራት።»

«ወላሂ ዝሆንም አራት ቀን ኮሶ አይጠጣ! ልቀቂ።»

«አይሽርላቸውም!»

«ባይሽርለት በእኔ። አብሽሪ፣ ልጄ፤ ልቀቂ።» ጋቢያቸው ላይ ተንጠለጠልሁ፤ ከነጋቢያቸው ጎትተውኝ ገቡ።

ከጨለማው ውስጥ የአባየ ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «አንተ እስላም፣ ማን ግባ አለህ?»

«አንተስ ክርስቲያን፣ ማን ሙት አለህ?» አሉ አያ ሰይድ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። የአባየ ሆድ ከታች እንደ ተገለበጠ ድስት ወጥቶ ነበር። ፊታቸው አብጧል። አያ ሰይድ ወጥተው የሰፈሩን ወንዶች ሲጣሩ ድምፃቸው እየተሰበረ ነበር።

ስምንት ሰዎች በአልጋ ተሸክመው መካነ ሰላም ወሰዷቸው። ወደ ማታ አያ ሰይድ ተመልሰው መጡና ለእትየ ሙሉ ሲያወሩ ሰማሁ። በቀጭን ቱቦ ከፈቱለት፤ የአንድ እንስራ ያህል ወጣ፤ «አልሃምዱሊላህ፣ ዓይኑን ገለጠ፤ እኔንም ሰደበኝ» አሉ። እኔ በልቤ፣ ይኸው ሴቶቹ ማክሰኞ ጀመሩ አልሁ። ደስ ብሎኝ እንቅልፌን ተኛሁ።

አባቴና እናቴ መልእክት ደርሷቸው መጡ። እናቴ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። አባየ አልጋው ላይ አንሰው ነበር። ከአልጋው ጎን ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ያለው ቀይ ሻይ ይመስላል፤ ከሥሩ ጥቂት ብቻ። ሐኪሙ ለአባቴ ኩላሊታቸው እንደደከመ፣ ደማቸው እንዳልጠራ ነገረው። አባየ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ብርቄ፣ በሩን ደህና ጠበቅሽ።»

ለምስጋና ነው ያሉት። እንደዚያ ብለው ባይመሰግኑኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት በገቡ በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

በሣልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ነገሩን መጀመሪያ ያነሣው ሊቀ መንበሩ ነው። የጤና ሠራተኛ በየቤቱ እንድትዞር ተመድባ እያለ ሽማግሌ አራት ቀን ሲጨነቅ እንዴት አታውቅም አለ። ሰዉ አጉተመተመ። አባቴ ሐዘኑን የሚጥልበት ፈልጎ ነበር መሰለኝ፣ ተነሣ።

«ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልሽ ስትዞሪ ነበር። አባቴ ሽንት ከልክሎት ሲሞት የት ነበርሽ?»

«መጥቻለሁ፣ ጋሼ» አለች ሐያት። «ሁለት ቀን መጥቻለሁ። እሑድና ሰኞ።»

«ማን አየሽ?»

 ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። አባቴም ዓይኗን ተከትሎ አየኝ።

«ብርቄ፣ በር ላይ አንች ነበርሽ። መጥታ ነበር?»

ሌሎቹን ሁሉ እንደመለስሁ ሰው ያውቃል፤ አባየ አዘውኝ ነው ተብሎ ማንም አልወቀሰኝም። ስለዚህ መጥታ ነበር ብል ምን ነበረበት? ግን መጣች ካልሁ፣ ምን አለችሽ እባላለሁ። ሽንት ይሸናሉ ወይ አለችኝ እላለሁ። አንችስ ምን አልሽ እባላለሁ። በዐሥር ዓመቴ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁት። አባየን የገደልሁ እኔ ነኝ የሚል ነገር አፌ ድረስ መጣብኝ። እናቴ ታየኛለች።

«አላየኋትም» አልሁ።

ያችን ቃል ነው ያልሁት።

አንዲት ሴት ከኋላ «ቀጣፊ!» አለች፤ እኔን መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ሐያትን ነው። ሐያት አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ ሁሉን ልትናገር ትችል ነበር፤ ጥያቄዋንም መልሴንም። አየችኝ። የእናቴን ነጠላ ጫፍ ጨብጬ ነበር። አፏን ዘጋች።

«ልጅቷን አትጠይቋት» አለች። «ሐዘን ላይ ናት።» ከዚያ «አላህ ያጽናችሁ» ብላ ወጣች። ሊቀ መንበሩ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

አያ ሰይድ ወደ ማታ ብቻዬን አገኙኝ። «አንች፣ እውነት አላየሻትም?» አሉኝ። ሁለተኛ ዕድል ነበር። «አላየኋትም» አልኋቸው። «እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አልጠየቁኝም፤ ግን እንደ ድሮውም አብሽሪ ብለውኝ አያውቁም።

ሐያት በዚያ ክስ ሰበብ ጥር ሳይወጣ ከቀበሌያችን ተነሣች። የሄደች ቀን መንገድ ዳር መኪና ስትጠብቅ አየኋት፤ የተጠቀለለ ፍራሽና አንዲት የላስቲክ ሻንጣ ይዛ። ከትምህርት ቤት እየተመለስሁ ነበር። «ብርቄ፣ ትምህርትሽን እንዳታቋርጭ» አለችኝ። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ፣ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በሩጫ አለፍኋት። ከስድስተኛ ክፍልም አላለፍሁም።

ባለፈው ሳምንት፣ የልጄ ውጤት እስኪመጣ፣ አንዲት ነርስ ቆም ብላ ስታጫውተኝ የአባየን ነገር ሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ኩላሊቱ የሚጎዳው በአራት ቀን ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የሽንት መውጫው ቀስ በቀስ ሲጠብ ኖሮ፣ ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ለወራት ሲጎዳው ቆይቶ ሊሆን ይችላል። «እሑድ ቢመጡስ?» አልኋት። «ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ላይተርፉም ይችሉ ነበር» አለችኝ። ስለዚህ የአባየን ሞት አላውቀውም። ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። የሐያትን ነገር ግን አውቀዋለሁ፤ የትም ልተወው አልችልም።

ለአባቴ ባለፈው እሑድ ነገርሁት። ሸምግሏል። «ያን ያህል ሰው ፊት ነው ያዋረድኋት» አለ።  ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየደወለ «ተገኘች?» ይለኛል።

ሳጠያይቅ አንዱ ደሴ አግብታለች ይላል፤ አንዱ ዓረብ አገር ሄዳለች ይላል። ደጎሎ ጤና ጣቢያ ሐያት የምትባል ነርስ አለች ተብዬ ትናንት በሚኒባስ ሄጄ ነበር፤ ሌላ ሐያት ናት፤ ገና ልጅ ናት፤ ግራ ገብቷት አየችኝ።

የምፈልጋት ሐያት የአጅባር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ጠይም፤ የፊት ጥርሷ ትንሽ ፍንጭት። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለ ገጠር ቀበሌ አንድ ዓመት ያህል በጤና ኤክስቴንሽን ሠርታለች። ሁለት ቀን መጥታ ነበር፤ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ዛሬ ያለችበትን የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯንና ደህና መሆኗን ንገሩኝ።